ከብረት ክምር ውስጥ የሚገኝ ሀብት፦ ያገለገለ የመኪና ዕቃ እንዴት ይመረጣል?

ባሕር ዳር፦ ከጋራዥ ጀርባ ለዓመታት የቆመ፣ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የተቀመጠ መኪና ለአላፊ አግዳሚው ዝገት ነው። ለጋሪ ሠሪ ግን አክስል ነው። ለብረት ቀጥቃጭ ማረሻና ማጭድ፣ ለወፍጮ ቤት ባለቤት ኩሽኔታ፣ ለሚኒባስ ባለንብረት ደግሞ አዲሱን ለመግዛት አቅም ያጣበት ሞተሪኖ ነው። ያው አንድ መኪና እንደ ተመልካቹ ብዙ ነገር ይሆናል። ከክምሩ የሚፈልገውን ይዞ የሚወጣ ገዢና ገንዘቡን ከስሮ የሚመለስ ገዢም የሚለያዩት በሚያዩት ነገር ነው።

ያገለገለ መለዋወጫ መፈለግ በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ እያለ መካኒኩ የሚጠራቸው ስሞች ከጣልያንኛ የመጡ መሆናቸው ሙያው ከመቼ ጀምሮ እንደተተከለ ይመሰክራል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ፍላጎቱን የሚያባብሱ ምክንያቶች ተደራርበዋል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ ተሽከርካሪዎች ላይ ከበድ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ተወደደ። ስለዚህ በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ረጅም ዕድሜ እንዲኖር ይፈለጋል፤ ዕድሜው የሚቀጠለውም ሥራ ባቆሙት ወንድሞቹ አካል ነው።

የዚህ ንግድ ስመ ጥር ማዕከል አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ነው። እዚያው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ ወድቆ የነበረ ብረትና ላሜራ እንደገና ተቀጥቅጦ፣ ተበይዶና ተስተካክሎ ምድጃ፣ ባልዲ፣ መጥረቢያ የሚሆንበት ሰፈር ነው። በክልል ከተሞች ይህን ያህል ስም ያወጣ ተራ ባይኖርም ጋራዦች በሚደረደሩበት መንገድ ዳር፣ በቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ግቢና ቤት ለቤት እየዞረ በሚሰበስበው ቆራሌው እጅ ተመሳሳይ ዕቃ ይገኛል።

ገዢው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእነዚህ ቦታዎች አንድ ዕቃ ሁለት ዋጋ አለው። አንደኛው የክብደቱ ዋጋ ነው፤ ቆራሌውና የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴው በኪሎ መዝነው ይገዛሉ፣ ብረቱም ወደ ማቅለጫ ፋብሪካ ሄዶ የግንባታ ብረት ይሆናል። ሁለተኛው የሥራው ዋጋ ነው፤ ፈቺው ነጋዴ ዕቃውን አጥቦ፣ በዓይነት ለይቶ፣ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን አውቆ በነጠላ ይሸጠዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው፤ ልዩነቱ የሚገኘውም በዕውቀት ብቻ ነው። ደህና የሆነ የአክስል ብረት በኪሎ ተመዝኖ ወደ ማቅለጫ ሲጫን የሚያይ ጋሪ ሠሪ የሚቆጨውም ለዚህ ነው።

በገጠሩ ዘንድ ከክምሩ ከሚወጡ ዕቃዎች ሁሉ የበለጠ ጥቅም የሚሰጠው ምናልባት ይኸው አክስል ነው። ሰውና እህል፣ ሲሚንቶና ውኃ የሚያመላልሱት ባለሁለት ጎማ ጋሪዎች በአብዛኛው የሚቆሙት ከአሮጌ መኪና በተገኘ አክስል፣ ቸርኬና ጎማ ላይ ነው። አክስል የተሠራው ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን መኪና ከነጭነቱ እንዲሸከም በመሆኑ ለጋሪ ከበቂ በላይ ጥንካሬ አለው። ችግሩ የሚመጣው ከመጣመምና ከመሰንጠቅ ነው። መጣመሙን ለማወቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሮ ማስተያየት፣ ወይም ሁለቱን ጫፎች ደግፎ እያሽከረከሩ መሐሉ ይዋኝ እንደሆነ መመልከት ይበቃል።

ስንጥቅን ለማግኘት ደግሞ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። ብረቱ ከግሪስና ከጭቃ በደንብ ይጸዳል፤ ከዚያ ላምባ ይቀባል። ጥቂት ቆይቶ ላዩ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ በጠመኔ ዱቄት ይሸፈናል። ስንጥቅ ካለ በውስጡ የቀረው ላምባ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ይወጣና ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። በተለይ ቀደም ሲል የተበየደ ቦታ ካለ ከብየዳው ጎንና ጎን ማየት ያስፈልጋል፤ በብየዳ ሙቀት የተጎዳ ብረት የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በብየዳው ላይ ሳይሆን ከአጠገቡ ነው። ጭነት የያዘ ጋሪ ቁልቁለት ላይ አክስሉ ቢሰበር የሚጎዱት እንስሳውም ሰውም ናቸው፤ ለጠመኔ የሚጠፋው ሩብ ሰዓት ብዙ አይደለም።

ጎማው በተገጠመበት ማዕከል ውስጥ ያለው ኩሽኔታ የጋሪውን ቀላልነት የሚወስን ዕቃ ነው። ያረጀ ኩሽኔታ ያለው ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ወይም አህያ ከጭነቱ ሌላ ሰበቃውንም ይጎትታል። ኩሽኔታውን በእጅ ይዞ ቀስ ብሎ ማዞር፣ የሚቆረቁር ወይም የሚይዝ ነገር መኖሩን በጣት መስማት ያስፈልጋል። ከዚያ ታጥቦ የሚሽከረከሩት ብረቶችና የሚሄዱበት ቀለበት ይታያሉ፤ እንደ ፈንጣጣ የተቦረቦረ፣ የተላጠ ወይም በሙቀት ወደ ሰማያዊ የተለወጠ ከሆነ አገልግሎቱ አልቋል። ልስልስና አንጸባራቂ ከሆነ ግን በአዲስ ግሪስ ብዙ ዘመን ይሠራል።

እዚህ ላይ ለወፍጮ ቤትና ለውኃ መሳቢያ ሞተር ባለቤቶች ጭምር የሚጠቅም አንድ ምሥጢር አለ። በኩሽኔታው ቀለበት ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የመኪናው ፋብሪካ ምልክት ሳይሆን በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት የሆነ የመጠን መለያ ነው። በአብዛኞቹ ዓይነቶች የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች 04 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆኑ በ5 ተባዝተው የውስጡን ቀዳዳ ስፋት በሚሊሜትር ይሰጣሉ። 6205 የሚል ኩሽኔታ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር ነው፤ 30206 ደግሞ 30 ሚሊሜትር። በመሆኑም 6205 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ ከመኪና ዲናሞም ይውጣ ከልብስ ማጠቢያ ልኩ አንድ ነው። የወፍጮው ኩሽኔታ የተሰበረበት ሰው የወፍጮውን ስም ይዞ ከተማ ለከተማ ከሚዞር ቁጥሩን ጽፎ ቢሄድ ድካሙ ይቀልለታል። ለዱቄት ወፍጮ በመሰለ ቀን ሙሉ በፍጥነት በሚዞር ማሽን ላይ ግን ያገለገለ ኩሽኔታ ጊዜያዊ መፍትሔ እንጂ ዘላቂ አይደለም።

ቀጥሎ የሚነሣው ባሌስትራ ነው። የጭነት መኪና ባሌስትራ ከተራ የግንባታ ብረት የሚለየው በውስጡ ባለው የካርቦን መጠን ነው፤ የግንባታ ብረት አነስተኛ ካርቦን ሲኖረው የባሌስትራ ብረት ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን አለው። ይህም በእሳት ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ እንዲጠነክር ያደርገዋል። ከፌሮ የተሠራ ማረሻ ድንጋያማ መሬት ላይ ቶሎ የሚዶለድመው፣ ከባሌስትራ የተሠራው ግን የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥንካሬው ግን በራሱ አይመጣም። ባሌስትራውን አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ እንዲሁ በአየር እንዲቀዘቅዝ የተወ ብረት ቀጥቃጭ ከብረቱ ግማሹን ጥቅም ብቻ ነው የሚያገኘው። ቅርጹ ካለቀ በኋላ የሚሠራው ጫፍ እንደገና ቀይ እስኪሆን መጋል አለበት። ልኩን ለማወቅ ማግኔት ማስጠጋት ይረዳል፤ ብረቱ በቂ ሙቀት ላይ ሲደርስ ማግኔት አይዘውም። ያን ጊዜ ዘይት ውስጥ ይነከራል። ብዙዎች ውኃ ይጠቀማሉ፤ ውኃ ግን ብረቱን ከሚገባው በላይ በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘው ብዙ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። ከተነከረ በኋላ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን ላዩ በሞረድ ጸድቶ እንደገና ቀስ እያለ ይሞቃል። የጸዳው ብረት ቀለሙ በመጀመሪያ እንደ ገለባ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል። ማጭድን ለመሰለ ስለት ገለባ መሳዩ ቀለም ሲታይ ማቆም፣ ድንጋይ ለሚመታ ማረሻ ደግሞ ወደ ሰማያዊ እስኪሻገር መጠበቅ ይመረጣል። ዘይት ሲነከርበት ስለሚጨስና ሊቀጣጠል ስለሚችል ሥራው ከሣር ክዳንና ከሕፃናት ርቆ መሠራት አለበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ለእርሻ መሣሪያ ምርጥ የሆነው ያው ባሌስትራ ተበይዶ ተመልሶ መኪና ላይ ሲገጠም አደጋ ይሆናል። የባሌስትራ ብረት በተራ ብየዳ ሲያያዝ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ተሰባሪ ይሆናል፤ ሰው በጫነ መኪና ሥር እንዲህ ያለ ጥገና ሊኖር አይገባም።

ስለ ሞተር ብዙ ይባላል። ገዢው የሚያየው ታጥቦ የሚያብረቀርቅ ሞተር ነው፤ መታጠቡ ግን ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር የለም። ይልቁንም የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ ሥሩን ማየት ይሻላል። ወተት የመሰለ አረፋ ከተለጠፈበት ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ወይም ቴስታታው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የዘይት መለኪያውን አውጥቶ በነጭ ጨርቅ ሲጠርጉት የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ከታየ ውስጡ እየተበላ ነው። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በእጅ መንካትም ብልህነት ነው፤ ገዢ ከመምጣቱ በፊት አስነሥቶ ያሞቀው ሻጭ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለመነሣት የሚያስቸግር መሆኑን እየደበቀ ሊሆን ይችላል። ከተነሣ በኋላ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እያቃጠለ መሆኑን ያሳያል። በተሽከርካሪ ላይ የሚገጠም ከሆነ የሞተር ቁጥሩ በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

በመስኖ አካባቢ አሮጌ የመኪና ሞተር ገዝቶ ፓምፕ ላይ መግጠም የሚያስቡ አርሶ አደሮች አሉ። ሐሳቡ ይሠራል፤ አዋጭነቱ ግን አጠራጣሪ ነው። ባለ 3 ሊትር የሚኒባስ ሞተር ለአነስተኛ ፓምፕ ከሚያስፈልገው ኃይል እጅግ የበለጠ ስላለው፣ ትንሽ ሥራ ሲሠራም ራሱን ለማዞር ብቻ ብዙ ነዳጅ ይፈጃል። በግዢ የተረፈው ገንዘብ በአንድ በጋ ናፍጣ ሆኖ ሊያልቅ ይችላል። ለፓምፕ የተሠራ ትንሽ ሞተር ተፈልጎ፣ ከመኪና ክምር ኩሽኔታውን፣ ቺንጊያ የሚዞርበትን ፑሌጋና ቧንቧ ማሰሪያውን መውሰድ ይሻላል።

ዲናሞና ሞተሪኖ በደህና ሊገዙ ከሚችሉት መካከል ናቸው፤ ምክንያቱም እዚያው መፈተን ይቻላል። ሞተሪኖ በባትሪ ሲነካ በኃይል መሽከርከርና ጥርሱን ወደ ፊት መግፋት አለበት። ዲናሞ መኪና ላይ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሣ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማሳየት ይገባዋል፤ በ12 አካባቢ ከቀረ አይሞላም። በር፣ ኮፋኖ፣ መስታወት፣ ወንበር፣ ቸርኬ፣ የዲፈረንሻል ሣጥን የመሳሰሉትም ጉዳታቸው በዓይን ስለሚታይ እንደ ልብ ይገዛሉ።

በቅናሽ ቢገኙም መተው ያለባቸው ደግሞ አሉ። የፍሬን ሸራና የፍሬን ጎማዎች፣ የመሪ መገጣጠሚያዎች፣ ቺንጊያ፣ ከተጋጨ መኪና የወጣ የደኅንነት ቀበቶ፣ እነዚህ ሁሉ ድካማቸው በውስጣቸው የተሰወረ ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአፍም ሆነ በአየር መንፋት አይገባም። በመሪው መሐል ወይም በዳሽቦርዱ ውስጥ ያልፈነዳ የአየር ከረጢት ያለበትን መኪና በመዶሻም በብየዳም መንካት እንደ ፈንጂ መጫወት ነው።

ጎማ በሁለቱ መካከል ይቆማል። በጎኑ ላይ ካሉት ጽሑፎች አራት አሃዝ ያለው ቁጥር የተሠራበትን ጊዜ ይናገራል፤ 3519 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2019 ዓመት 35ኛ ሳምንት ነው። ከ10 ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋልና ለመኪና አይሆንም። በእግር ፍጥነት ለሚሄድ ጋሪ ግን ጥርሱ ያለቀ ጎማ፣ ክሩ እስካልወጣ ድረስ፣ ያገለግላል። ከጋሪ ሲወርድም በረባሶ ይሆናል።

የማይታወቅ ጉድለት ካላቸው ዕቃዎች አንዱ የፊት መብራት ነው። በጃፓን መኪና የሚነዳው በግራ መስመር በመሆኑ ለዚያ ገበያ የተሠራ መብራት ብርሃኑን ወደ ግራው የመንገድ ዳር ያነሣል። በቀኝ በሚነዳበት በኢትዮጵያ ያው መብራት ዝቅ ተደርጎ በርቶ እንኳ በቀጥታ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ግድግዳ ፊት አቁሞ ማብራት ወዲያውኑ ይለየዋል፤ የብርሃኑ ጠርዝ ከፍ የሚለው ወደ ቀኝ መሆን አለበት።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው የተበላሸውን ዕቃ ራሱን ይዞ ቢሄድ፣ ካልተቻለም የመኪናውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተሩን ዓይነት ጽፎ ቢይዝ ይመረጣል። የሚመሳሰል ሁሉ አይገጥምም። ቶዮታ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት የናፍጣ ሞተሮች ከአንድ ቤተሰብ የወጡ፣ ሲያዩአቸው መንትያ የሚመስሉ ናቸው፤ ይዘታቸው ግን 2.4፣ 2.8 እና 3 ሊትር ነው። «ይገጥማል፣ ወንድሜ» የሚል ሻጭ ሁሉ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ ካልገጠመ የሚመለስ መሆኑን በደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ግን የገዢው ፋንታ ነው።

ደረሰኝ የሚያስፈልገው ለመመለስ ብቻ አይደለም። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ባትሪና ትርፍ ጎማ በሌሊት ከቆመ መኪና ላይ እየተነቀሉ የሚሸጡ ዕቃዎች ናቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ከወንጀል የተገኘ ዕቃን እያወቁ መግዛትን መሸሸግ ብሎ ይቀጣል። ከገበያው ዋጋ እጅግ የወረደ፣ ሽቦው ሳይፈታ በጉጠት የተቆረጠ፣ ቁጥሩ በሞረድ የተፋቀ ዕቃ ራሱ ይናገራል።

ከግቢው ወደ ቤት ሊመጡ የማይገባቸው ነገሮችም አሉ። ባትሪን ሰብሮ እርሳሱን በቤት ምድጃ ማቅለጥ ጭሱና አቧራው በግቢው አፈር ላይ እንዲቀር ያደርጋል፤ እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ጣፋጭ ጣዕም ስላለው ከብትም ውሻም ይልሱታል፣ ይሞቱማል። ስለዚህ ራዲያተር የሚገዛ ሰው ውስጡን መሬት ላይ ሳይሆን ዕቃ ውስጥ ማንቆርቆር አለበት፤ ያ ፈሳሽ የነበረበት ጀሪካንም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም።

በክምሩ ጥግ ማንም ሳያነሣው የሚቀር አንድ ዕቃ አለ፤ ከኋላ መብራት የተሰበረ ቀይ ክዳን። ብዙዎቹ በውስጣቸው ብርሃን የሚመልስ፣ እንደ ማር እንጀራ የተቦጫጨቀ ክፍል አላቸው። እንዲህ ያለው ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ከዋጋ አይቆጠርም፤ ሻጩ ሌላ ዕቃ ለገዛ ሰው በነጻ ሊመርቅም ይችላል። ሁለቱ ከጋሪው ጀርባ፣ በግራና በቀኝ ጠርዝ ላይ በብሎን ሲታሰሩ ከገበያ አምሽቶ የሚመለስ ጋሪ ለኋላው መኪና ከሩቅ ይታያል። ጭቃ ከሸፈናቸው ግን አያበሩም፤ ወደ አስፋልት ከመውጣት በፊት በጨርቅ መወልወል አለባቸው።